ለፊልም ተብሎ የተለቀቀ መሬት

ፊልም አልወድም። ድሮም ልቤ አይከጅለውም ነበር፤ አሁን ግን ምክንያት አለኝ። መሬታችሁ ምን ሆነ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው «ፊልም ወሰደው» እላለሁ፤ ሰው ይስቃል። ይሳቅ። እኔ ቀልድ አላወራሁም።

መሬቱ ከሸዋ ሮቢት ወጣ እንዳሉ፣ ከመስኖው ቦይ በታች ያለ አንድ ማሳ ነው። በቆላ ውሃ የሚጠጣ ማሳ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው፤ ዝናብ ሲቀርና ሌላው ሰው ሰማይ ሰማዩን ሲያይ አንተ ሽንኩርት ታጠጣለህ ማለት ነው። ከቦዩ በላይ ያለው መሬታችን ድንጋይ ነው፤ ማሽላና ማሾ ከሰጠን ተመስገን ብለን እንቀበላለን። የሚያኖረን የታችኛው ነው። ትዳሬን ፈትቼ አባቴ ቤት ስመለስ አባቴ ጉልበቱ ደክሞ ነበርና «እንግዲህ የታችኛዋን አንቺ ያዣት» አለኝ። ያዝኳት። ችግኝ የማፈላው እኔ፣ ተራችን ሲደርስ ውሃ የማዞረው እኔ፣ ከደላላ ጋር የምጨቃጨቀው እኔ ነበርኩ። የሮቢት የሽንኩርት ደላሎች ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። በዚህ እኮራለሁ። አባቴ ከእኔ ሌላ ልጅ የለውም፤ እኔም ከዚያች ማሳ ሌላ መተዳደሪያ አልነበረኝም።

አባቴ በአባት የሚገናኘው አንድ ታናሽ ወንድም አለው። የሚኖረው ደብረ ሲና ነው፤ ላይ፣ ብርዱ ውስጥ። በወጣትነቱ «ቆላ ወባ ነው፣ ቆላ ትንኝ ነው» ብሎ አቀበቱን ወጣና ሱቅ ከፈተ። ሙቀቱንና ትንኙን ለእኛ ተወልን። የታችኛው ማሳ ሽንኩርት ማብቀል ሲጀምር ግን የአባቱ መሬት ድንገት ትዝ አለው። «ድርሻዬ ነው» አለ። አባቴ ደግሞ «ጥለኸው ሄደሃል፣ የመሬት ደብተሩም በእኔ ስም ነው» አለው። ይህ ነገር ዓመታት ተንከባሎ ተንከባሎ በመጨረሻ ከማሽላ አጨዳ በኋላ ሽማግሌ እንዲቀመጥበት ተስማሙ። አጎቴን ፊት ለፊት ጋሼ እለዋለሁ፣ አንቱ እለዋለሁ፤ አባቴ ሰው አድርጎ አሳድጎኛል። እዚህ ግን ጽሑፉ የራሴ ነውና አንቱታውን አንስቼበታለሁ።

ፊልም ሠሪዎቹ የደረሱት አጨዳው ከመግባቱ በፊት ነው። አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ ቦያችን አጠገብ ተራገፈ። ዳይሬክተራቸው ነጭ ጫማ ያደረገ ወጣት ነበር። ነጭ ጫማ አድርጎ ውሃ የጠጣ ማሳ ውስጥ የሚገባ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ያን ጊዜውኑ መጠርጠር ነበረብኝ።

«የፊልሙ ታሪክ መሬቱን ስለሚያጣ የገበሬ ቤተሰብ ነው» አለን። «ግን ያስቃል።»

«ምኑ ነው የሚያስቀው?» አልኩት።

«እህቴ፣ ሕይወት ራሷ ኮሜዲ አይደለች እንዴ?»

ለእሱ ኮሜዲ መሆኗ ከጫማው ያስታውቃል። ፊልሙ «ኢንዲፔንደንት» ነው አለ። ምን ማለት ነው ስለው፣ ከማንም ገንዘብ ያልተቀበለ፣ ማንም የማያዝበት ማለት ነው አለኝ። ለማንም የማይከፍል ማለትም እንደሆነ በኋላ ደረስኩበት። ለማሳው ውለታ ብለው ለአባቴ የሰጡት አንድ ኮፍያ ነው፤ እሱም ጠበበው።

መጀመሪያ የውሃ ሞተሬን ከፊታቸው እንዳነሳ ጠየቁኝ። «ገበሬው ደሃ ነው» አሉ። ደሃ ባለመሆኔ ይቅርታ ልጠይቃቸው ምንም አልቀረኝም። ቀጥለው ቢጫውን ጀሪካን አስነሱና በቦታው እንስራ አስቀመጡ። እንስራውን ይዘውት የመጡት ከአዲስ አበባ ነው፤ ቂጡ ላይ የተለጠፈው የሱቅ ወረቀት እንኳ አልተላጠም። በእኛ ሰፈር በእንስራ ውሃ የሚቀዳ ሰው ካየሁ ስንት ዘመኔ! ከዚያ ደግሞ ሽንኩርቴ መሃል ሐዲድ የመሰለ ብረት ዘርግተው ካሜራውን በላዩ ይገፉ ጀመር። «ኧረ ሽንኩርቱን ረገጣችሁት!» ብዬ ስሮጥ አንዷ ልጅ እጇን እያወዛወዘች፣ «እናቴ፣ ካሜራው ውስጥ ገብተሻል፣ ትንሽ ወጣ በይ» አለችኝ። በራሴ ማሳ ውስጥ ወጣ በይ ተባልኩ።

አባቴ ግን ወደዳቸው። ይህን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል። አባቴ ጨዋታ ይወዳል፤ ለቅሶ ቤት ሄዶ ሐዘንተኛውን አስቆ የሚመለስ ሰው ነው። ገበሬ እንዲሆን ከከተማ የመጣው ተዋናይ እርፉን እንደ ጃንጥላ ሲጨብጠው አይቶ፣ ከሳቁ ብዛት መቆም አቅቶት ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ተነስቶ እርፉን ተቀበለውና አንድ ዙር አረሰለት፤ በሬዎቹን እየሰደበ፣ ተዋናዩንም እየሰደበ፣ መሃል ላይ ደግሞ የበሬዎቹን ስድብ ለተዋናዩ እየሰጠ። ዳይሬክተሩ ራሱን ይዞ ጮኸ።

«ፋዘር! እኔ እርስዎን ነው የምፈልገው! አዲስ ገፀ ባሕርይ እጽፍልዎታለሁ። የተዋናዩ ጎረቤት ነዎት፤ ከእሱ ቀድመው መሬትዎን የሚያጡት እርስዎ ነዎት።»

«ምን ከፋኝ» አለ አባቴ። አይጥ ሞቷ ሲደርስ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ይባላል።

ወሬው በሚኒባስ ተሳፍሮ አቀበቱን ወጣ። በማግስቱ አጎቴ ከደብረ ሲና ወረደ፤ የሮቢት ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ። ከጨዋታው እንዳይቀር ነው የመጣው። ዳይሬክተሩ እሱንና አባቴን አፈራርቆ አያቸው፤ አንድ አፍንጫ ነው ያላቸው። ወንድማማቾች መሆናቸውንና በመሬት እንደሚካሰሱ ሲሰማ ደግሞ ዘለለ። መዝለል ስል በእግሩ ዘለለ ማለቴ ነው። «አንዳንዱን ነገር እግዚአብሔር ራሱ ይጽፈዋል!» አለ። ተቀመጠና ጻፈ። ሁለት ወንድማማቾች በመሬት ይጣላሉ፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ታላቅየው፣ አባቴ ማለት ነው፣ ክርክሩ ሲሰለቸው «በቃ ውሰደው!» ብሎ መሬቱን ይለቃል። ይህ አንጀት የሚያፈርስ ሳቅ ነው አለን።

ሽማግሌ የሚሆኑ ተዋንያን ከአዲስ አበባ ማምጣት አላስፈለገውም። እውነተኞቹ ሽማግሌዎች እኮ አሉ። ከአጨዳ በኋላ በእኛው ጉዳይ ሊቀመጡ የተመረጡት፣ እነዚያው።

ከቀረጻው በፊት በዋለው ቀን አባቴን ለመንኩት።

«አባዬ፣ ይህን ቃል አትበል። ሌላ ነገር ይጻፍልህ።»

«ጨዋታ ነው ልጄ።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

«ፊልም ላይ ሰው ይሞት የለ? ሞቶ ሲያበቃ ቤቱ ገብቶ ራቱን ይበላል። እኔም ለቅቄ ሳበቃ ቤቴ ገብቼ ራቴን እበላለሁ።» በራሱ ንግግር ራሱ ሳቀ። ትቼው ወደ ማሳዬ ወረድኩ። አሁን ቢሆን መልስ አላጣም።

የተቀረጸው ቦዩ አጠገብ ካለችው ሾላ ሥር ነው። አገሩ በሙሉ ሥራ ፈትቶ መጥቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ሰብሳቢው በቀወት መንደሮች ስንት የደም ነገር ያስታረቁ አዛውንት ናቸው። ከጎናቸው ሼኹ ተቀመጡ፤ አያት ቅድመ አያታቸው የአሊዩ አምባ ነጋዴ የነበሩ፣ ቃል ከአፋቸው በሚዛን የሚወጣ ሰው ናቸው። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲቀመጥ ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ ይቀመጣል፤ እርቁ በሁለቱም በኩል እንዲጠብቅ።

ዳይሬክተሩ እጁን አጣምሮ ጎንበስ ብሎ፣ «አባቶች፣ እኔ ትወና አልፈልግም። ልክ እንደምታደርጉት አድርጉልኝ» አላቸው። ጥፋቱ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። ሽማግሌን እንደምታደርጉት አድርጉ አይሉም፤ ሌላ ማድረግ አያውቁማ።

ሰብሳቢው በምርቃት ከፈቱ። እሳቸው ሲመርቁ ሕዝቡ አሜን አለ፣ ሼኹ ሲመርቁ አሚን አለ። ከዚያ ሁለቱን ወንድማማቾች አስቆሙና «ለሽማግሌ ቃል ትገዛላችሁ?» ብለው ጠየቁ። አጎቴ «እገዛለሁ» አለ። አባቴ «እገዛለሁ» አለ። ክርክሩ ተጀመረ፣ ሕዝቡም መሳቅ ጀመረ፤ አባቴ አጎቴን ስለ ካፖርቱ እያነሳ ሲሸረድደው እኔም ሳልወድ ፈገግ አልኩ። ወደ ቃሉ ሲደርስ አባቴ ከዘራውን መሬት ላይ ጥሎ «በቃ ውሰደው! መሬቱን ለቅቄልሃለሁ!» አለ። ልክ እንደተጻፈለት።

ሰብሳቢው እጃቸውን አነሱ። «ቆይ እስቲ። የቱን መሬት?»

ዳይሬክተሩ ከካሜራው ኋላ «ቀጥሉ፣ ቀጥሉ» እያለ ያንሾካሹካል።

«የምን መቀጠል ነው?» አሉ ሰብሳቢው። «መሬት ድንበሩ ሳይጠራ ይለቀቃል እንዴ? ይህን ያየ ሰው ሽምግልና አያውቁም ብሎ ይስቅብናል።»

አባቴ አፈረ። እውነት ነው፤ ድንበር ሳይጠራ መሬት ለቀቅሁ ማለት የልጅ ሥራ ነው። ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ቆሞ ያያል። አባቴ ከአንድ ድንበር በቀር የሚያውቀው የለም፤ እሱኑ ጠራ። «ከቦዩ በታች፣ ከዚህች ሾላ ጀምሮ እስከ ወንዙ ያለውን።»

«ልጅህስ?» አሉ ሼኹ። «ነገ ተነስታ እኔ አልተስማማሁም ብትልስ?»

«ልጄም አትጠይቅም።»

«ማን ነው የማትጠይቀው!» ብዬ ጮኽኩ። «ካት!» አለ ዳይሬክተሩ። እየሮጠ መጥቶ፣ «እህቴ፣ ድምፅ እየቀረጽን ነው፣ እባክሽ» አለኝ። ከዚያ ሁለት ልጆች አጠገቤ አቆመብኝ፤ አንዷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው አላወረደችውም።

ከመጀመሪያው ደገሙት። ምርቃቱም ተደገመ፣ እገዛለሁ የተባለውም ተደገመ፣ ድንበሩም ተጠራ። አሁን ደግሞ በመንገዱ ላይ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈና «ካት!» ተባለ። እንደገና ደገሙት። በዚያኛው ላይ ወፍ እንኳ አልጮኸም። የሳቀም አልነበረም፤ ሰው አንድን ቀልድ ስንት ጊዜ ይስቅበታል? አባቴ ቃሉን ሲል ድምፁ ተሰበረ። አጎቴ አለቀሰ፤ ጎንበስ ብሎ የአባቴን ጉልበት ሳመ፣ አባቴም አነሳውና ተቃቀፉ። የቱ ትወና እንደሆነ፣ የቱ እውነት እንደሆነ እኔ አልለየሁም። እነሱም የለዩ አይመስለኝም። ሰብሳቢው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና እንደ ወጉ ዘጉ። «ይህን ቃል የጠበቀ ይባረክ፣ ይክበር። ይህን ቃል ያፈረሰ የዘራው አይብቀል፣ የወለደው አይባረክ።» የቆመው ሕዝብ በሙሉ አሜን አለ። እኔ ራሴ አፌ ለምዶበት ልል ነበር፤ ምላሴን ነከስኩ።

ዳይሬክተሩ እንባውን እየጠረገ «ካት» አለ፤ በቀስታ። በማግስቱ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ።

ማሽላው ታጭዶ ሳይወቃ አጎቴ ከሌላ ሰው ጋር መጣ። ሰውየው ምርቱን እኩል ሊካፈል መሬቱን ሊያርስለት የተስማማ ጎበዝ ነው፤ ማሳውን በዓይኑ ይለካል። አጎቴ ዛሬ ካፖርት አልለበሰም።

«የኔ ልጅ፣ ሽንኩርቱን መቼ ታነሺዋለሽ?»

«የቱን ሽንኩርት ጋሼ?»

«ከቦዩ በታች ያለውን። አባትሽ እኮ ለቋል።»

ሳቅሁ። «ያ እኮ ፊልም ነው ጋሼ!»

«ፊልሙን እነሱ ይዘውት ሄደዋል» አለ፤ ሳይቆጣ፣ ሳይሳለቅ። «ቃሉ እዚህ ነው የቀረው።»

በሰው ፊት ውሸታም ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ውሸታምን አዋርደህ ትመልሰዋለህ። አጎቴ ግን ከልቡ አምኖታል፤ ያን ቀን ያለቀሰው ለቅሶ አሳምኖታል። ወንድሜ በሽማግሌ ፊት ለቀቀልኝ ብሎ ደብረ ሲና ላይ ሲያወራ ከርሟል። የሚያምን ሌባ እንዴት ተብሎ ይሰደባል?

ወደ ሰብሳቢው ቤት ሄድኩ። ሳያስቀምጡኝ ጉዳዬን አወቁት፤ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። «እኛም እኮ የሄድነው ለጨዋታ ነው ልጄ» አሉኝ። «ግን ምርቃቱን እንዴት አድርጌ ጨዋታ ነበር ልበል? የእግዚአብሔርን ስም ጠርቼበታለሁ። እርግማኑንም ከልቤ ነው ያወረድኩት፤ ሌላ አወራረድ አላውቅም።»

እዚያው ተቀምጠው የነበሩት ሼኹ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጡ። «አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን አፉ አመለጠው እንል ነበር። ሦስት ጊዜ አለው እኮ። በእኛ ዘንድ ሦስት ጊዜ የተባለ ነገር ሚስት እንኳ ያስፈታል።»

«ሦስት ጊዜ ያስባለው ባጃጅ ነው!» አልኩ። «ባጃጅ መሬት ያስለቅቃል?»

«አንዱን ያስደገምሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ፤ ይህም እውነት ስለሆነ የበለጠ ተናደድኩ።

ሽማግሌው ካልሆነ ሕግ አለ ብዬ መሬት አስተዳደር ቢሮ ሄድኩ። ሠራተኛው ታሪኩን ሰምቶ እስኪበቃው ከሳቀ በኋላ ቀላል ነው አለኝ። ደብተሩ በአባቴ ስም ነው፤ አባቴ ቀርቦ አልለቀቅሁም ካለ ማንም አይነካንም። እየበረርኩ ተመለስኩ።

አባቴ አልሄድም አለ።

«የለቀቅሁትን አልለቀቅሁም ልበል?»

«አልለቀቅህም! ቀለድክ!»

«እኔ ቀልጄ ይሆናል። እርግማን ግን ቀልድ አያውቅም። በእኔ ቢመጣ ግድ የለኝም፤ እኔ ቀኔን ጨርሻለሁ። የወለደው ነው ያሉት። የወለድኩት አንቺን ነው።»

«እኔ እርግማን አልፈራም!»

«እኔ እፈራልሻለሁ» አለ።

ጠላት የወሰደው መሬት ቢሆን ተዋግቼ አስመልሰው ነበር። አባቴ ግን የሚያስወስድብኝ እኔን ሊያድን ብሎ ነው፤ ስለዚህም ጠላሁት። ስንት ቀን እንዳላናገርኩት አላስታውስም። ምግቡን አቀርብለታለሁ፣ እሱ ይመርቀኛል፣ እኔ አሜን ሳልል እወጣለሁ።

መላውን ያመጡት ሼኹ ናቸው። የኔ መክሳት አሳዝኗቸው ይሁን ወይ የራሳቸው ሕሊና ወግቷቸው እንጃ፣ ሁለቱን ወገን ጠርተው እንዲህ አሉ። «ፊልሙ ይታይ። ሰው ተሰብስቦ የሳቀበት ነገር ቃል አይሆንም። ይህ ሽምግልና በፊልሙ ሲታይ ሕዝቡ ከሳቀ፣ ጨዋታ ነበር እንላለን፤ እርግማኑንም ያወረድነው እኛ ነንና እኛው እናነሳዋለን።» ሰብሳቢው ተስማሙ። አባቴ ፊቱ በራ። የሚገርመው አጎቴም ተስማማ። «ያን ቀን ያለቀስኩትን አይቶ የሚስቅ ሰው ካለ፣ ይሳቅ» አለ። በለቅሶው ይተማመናል።

እንዲህ ሆነና ፊልም የማልወደው እኔ ፊልም ጠባቂ ሆንኩ። ዳይሬክተሩ ጋ በደወልኩ ቁጥር «ኤዲቲንግ ላይ ነን እህቴ» ይለኛል። በመሃሉ የያዝኩትን ሽንኩርት አንስቼ ሌላ ተከልኩ። ማሳው የማን እንደሆነ ሳይታወቅ መትከል ምን ዓይነት ስሜት እንዳለው የሞከረ ያውቀዋል፤ እጅህ ይሠራል፣ ልብህ ግን ይለግማል።

በመጨረሻ መጡ። ለተቀረጸበት ሕዝብ ምስጋና ብለው በከተማው አዳራሽ በነፃ ሊያሳዩ ነው። እኔ የሳቅ ዘመቻ ጀመርኩ። ጎረቤቶቼን በየቤቱ ዞሬ ጠራሁ፤ አባቴ ሲናገር ሳቁ፣ አጎቴ ሲያለቅስ ደግሞ አብዝታችሁ ሳቁ አልኳቸው። በሳቋ ጋብቻ የፈረሰባት አንዲት ሴት አለች፤ እሷን ከሽማግሌዎቹ ኋላ አስቀመጥኳት። የሽንኩርት ደላሎቹን ሳይቀር ለመንኳቸው። ከእኔ ለስላሳ ቃል ሰምተው ስለማያውቁ ደንግጠው ሁሉም መጡ።

አዳራሹ ምድጃ ነበር። ሽማግሌዎቹ ፊት ተቀመጡ፣ አጎቴ ከጫፍ፣ እኔና አባቴ ከመሃል። ፊልሙ ተጀመረ፤ እውነቱን ልናገር፣ ሕዝቡ ሳቀ። ተዋናዩ እርፉን ሲይዝ ሳቀ፤ የሱቁ እንስራ ሲታይ ሳቀ፤ ፍየል የመሬት ወረቀቱን ሲበላበት ሳቀ። አባቴ በሬዎቹን እየሰደበ ብቅ ሲል ጣሪያው ሊነሳ ደረሰ። አባቴ በጨለማው እጄን ፈልጎ ያዘኝ። ከዚያ ሁሉ ወራት በኋላ ያን ጊዜ ይቅር አልኩት። ልንድን ነው ብዬ አመንኩ።

ሾላዋ መጣች። ከፊቴ ያለችዋን ባለሳቅ ሴት በጣቴ ጎሸም አደረግኳት፤ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሾላዋ ቆመች፣ ቅጠሏ ተወዛወዘ፣ ከበስተኋላ ዋሽንት ተነፋ። ከዚያ አዲስ አበባ ሆነ። መኪና፣ ፎቅ፣ ተዋናዩ ሻንጣ ይዞ ይንከራተታል። ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ። አልተመለሰም። መብራት በራ።

ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ወጥቶ ጥያቄ ካለ አለ። የመጀመሪያዋ እኔ ነበርኩ።

«የሽምግልናውስ?»

«ውይ፣ እሱ!» አለና ደረቱን ያዘ። «ከሁሉም የምወደው እሱን ነበር። ማውጣቱ አንጀቴን በልቶታል። ግን ለኮሜዲ በጣም እውነት ሆነብኝ። እውነቴን ነው፣ ትወና አይመስልም። እንዲያውም ትወና አይደለም! ለፋዘርና ለአባቶች ያለኝ አድናቆት...» ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። ሕዝቡም አጨበጨበ። ለመሳቅ የጠራኋቸው ሰዎች ሁሉ አጨበጨቡ።

ሼኹ ወደ ሰብሳቢው ዘወር አሉ። «ባለቤቱ ራሱ ትወና አይደለም አለ።»

 ሰብሳቢው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። «የዘራሽውን አንሺ ልጄ» አሉኝ። «ከዚያ በኋላ መሬቱ ይለቀቅለት።» አጎቴ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ደስታውን ሊደብቅ ይሁን አፍሮ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም።

ዳይሬክተሩን በር ላይ ያዝኩት። ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ አንባቢ ምን በደለ። መሬታችን እንዴት እንደሄደ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። አፉን ከፍቶ ሰማኝ፤ ስጨርስ ዓይኑ አበራና «እህቴ» አለኝ፣ «ይሄ እኮ ራሱን የቻለ ፊልም ይወጣዋል!» ሰዎች መሃላችን ገቡ። ባይገቡ ይህን የምጽፈው ከሌላ ቦታ ሆኜ ነበር።

ሽንኩርቱን ሳይደርስ ነቀልኩት። ሁለት ሳምንት ብጠብቅ ይወፍር ነበር፤ ግን በሰው መሬት ላይ ቆሜ ለመጠበቅ አንጀቴ እምቢ አለኝ። ብቻዬን ነበርኩ። ረፋዱ ላይ አባቴ መጣና ከቦዩ ማዶ ቆመ።

«ግባና አግዘኝ እንጂ» አልኩት።

«ለቅቄያለሁ እኮ» አለ። «ከዚያው አቀብዪኝ፣ እዚህ ሆኜ ቅጠሉን እቆርጥልሻለሁ።»

ያንን ማሳ ከድንጋይ ያጸዳው እሱ ነው። እኔ ሳልወለድ ቦዩን በአካፋ ቆፍሮ ወደዚያ ያመጣው እሱ ነው። አሁን ማዶ ቆሞ እጁን ይዘረጋል፤ እግሩን ግን ከድንበሩ አላሳለፈም። እየነቀልኩ ወረወርኩለት። ቀለብ እያደረገ ቆራረጠ። ንዴቴን ሁሉ በሽንኩርቱ ላይ ተወጣሁ፤ ከነአፈሩ እየመነጨቅሁ፣ የውሃ መሄጃውን እየረጋገጥኩ፣ መደቡን እያፈረስኩ ሄድኩ። ለአጎቴ የተስተካከለ ነገር ላለመተው ነው።

አባቴ መቁረጡን ትቶ አየኝ።

«ቀስ በይ ልጄ» አለኝ። «መደቡን አትርገጪው፤ የሰው ነው።»

እግሬን አነሳሁ።